ቅሬ ያስገባኝ ጥድ

“ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ” ሲባል ሰምቻለሁ። የእኔ ሚዜዎች ግን የቀነጠሱት ጥድ ነበር።

ሚዜዎቼ እንደ እኔው የወልድያ ቢሮ ሠራተኞች ናቸው። በሠርጌ ዋዜማ ዳስ በመጣል ሊያግዙ ውርጌሳ፣ ሙሽራዋ ቤት ሄዱ። ሸራው አጠረ። ማንንም ሳይጠይቁ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ወንዝ ወጡና፣ ውሃውን ግራና ቀኝ ይዞ ከሚወርደው የጥድና የዝግባ ደን እርጥብ እርጥቡን ቅርንጫፍ መልምለው ዳሱን አለበሱት። አማረ። ሽታውንማ ተዉት።

በማግስቱ ስንደርስ እንግዳው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ዳሱ ውስጥ የነበረችው አንዲት ዶሮ ብቻ ናት።

ለካ ቅሬው፣ ያ ለቅሶ የሚደርሰውና ሬሳ የሚያነሳው የመንደሩ ማኅበር፣ ሕግ አለው፤ ከወንዙ ደን እርጥብ የቆረጠ ሰው ምትኩን ተክሎ እስኪያጸድቅ ድረስ ቢሞት ቀባሪ የለውም። የቅሬው ዳኛ ደግሞ አማቴ ናቸው። በተቆረጠው ጥድ ጥላ ሥር ማን ይቀመጥ? ወጡ ቀዘቀዘ፣ እኔም በሱፍ ልብሴ ተቀቀልኩ። ሠርጉ የሚፈርስ መስሎኝ በጣም ፈራሁ።

“እንግዲህ ይፍረዱ፤ የራሴ ቤት ነው ብለው እንዳያልፉት” አሉ አንድ ሽማግሌ።

“በምን ልፍረድ? እነዚህ ልጆች የቅሬው አባል አይደሉም” አሉ አማቴ።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። “እንግዲያው መጀመሪያ እናስገባቸው፣ ከዚያ እንቅጣቸው።”

ሰዉ ሳቀ፤ ፍርዱ ግን የምር ነበር። ሚዜዎቼ እዚያው በቆሙበት አባል ሆኑ። ዳሱ የተሠራው ለማን ነው ተባለና እኔም ተጨመርኩ። ችግኝ ልንተክል ማልን። ከዚያ አግዳሚውም ወጡም ሙሽራዋም ወደ ወንዙ ተወሰዱና፣ ማንም ባልቆረጣቸው ጥዶች ሥር ተበላ፣ ተጨፈረ። ዳሱን ለዶሮዋ ተውንላት።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ በዛ። በየበጋው በሚኒባስ እየሄድኩ ችግኜን አጠጣለሁ። ሚስቴ፣ ለእኔ እንዲህ አትሳሳም እያለች ታሾፍብኛለች። መንደሩ ውስጥ ሰው ሲሞት ይደወልልኛል፤ ሄጄ እቆፍራለሁ።

ወላጆቼ ከትግራይ መጥተው ወልድያ የወለዱኝ ሰው ነኝ። ሁለቱም አልፈዋል፤ እዚህ አገር ሌላ ዘመድ የለኝም። ይህንን አማቴም ያውቃሉ።

ባለፈው ክረምት ችግኜን ዞር ዞር ብለው አዩትና ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

“ጸድቋል ልጄ” አሉኝ። “አሁን ብትሞትም ግድ የለም።”

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።