ዳማከሴ በስኳርና በሎሚ

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ እንጅባራ ላይ በኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነበር። ጥናቴ በዳማከሴ ቅጠል ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ነገሮች አውጥቶ መለካት ነው። ቅጠሉን የምዘፈዝፍበት ሜታኖል ግን መርዛማ በመሆኑ እርግዝናዬን የምትከታተለው ሐኪም ከእሱ እንድርቅ አስጠነቀቀችኝ። ትምህርቱን ላቋርጥ ወስኜ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣

«እንኳን ደስ ያለሽ። የምናቋርጠው ግን ሜታኖሉን ነው፤ ትምህርቱን አይደለም» አሉኝ።

«ታዲያ በምን አወጣዋለሁ?»

«በስኳርና ሎሚን በሚያኮመጥጠው አሲድ። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርገሽ አሙቂያቸው። ሰውንም አፈርንም አይጎዳም።»

ብዙም አላመንኳቸውም፤ ቢሆንም ሞከርኩት። የስኳሩና የአሲዱ ነጭ ዱቄት እየቀለጠ፣ እየጠራ ሄደና እንደ ማር ይዝለገለግ ጀመር።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከአጥሯ የቆረጠችውን ዳማከሴ በፌስታል ይዛ ከአዲስ ቅዳም በሚኒባስ መጣች። ላቦራቶሪውን ላሳያት ሳስገባት ብልቃጡ ላይ ዓይኗ አረፈ።

«ይኼ ማር ከየት መጣ?»

«ማር አይደለም እማዬ፤ ዳማከሴው የሚዘፈዘፍበት ነው።»

«እኛስ ጨምቀን በቡና ነው የምንጠጣው» ብላ ሳቀች።

ፈሳሹ ወፍሮ በማጣሪያው አላልፍ ብሎ ብዙ አስቸገረኝ። ውሃ ጨመርኩበት፤ ሙቀቱንም ደጋግሜ አስተካከልኩ። በመጨረሻ የጠለለውን ወይን ጠጅ ቀለም ባለው መፈተኛ ላይ ጠብ አደረግሁት። ቅጠሉ የሰጠው ነገር ጠንካራ ከሆነ ያ ቀለም ይጠፋል። ዓይኔ እያየ ፈዘዘ፤ ከዚያ ቢጫ ሆነ። በመሣሪያው ስለካውም፣ ከማርገዜ በፊት በሜታኖል ካወጣሁት በለጠ እንጂ አላነሰም። ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ ትከሻዬን በእስክስታ ነቀነቅሁ። አማካሪዬ በሩ ላይ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር።

ጥናቴን ያቀረብኩት ልጄ ከተወለደች በኋላ ነው። እናቴ ታቅፋት ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። በመጨረሻ ከፈታኞቹ አንዱ፣ «ሜታኖሉን ለመተው ምን አነሳሳሽ?» አሉኝ። መልሱን አሳምሬ አዘጋጅቼ ነበር፤ አፌን ስከፍት ልጅቷ አለቀሰች።

«እሷ ናት» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ይቅርታ ጠይቄ ላጠባት ወጣሁ። ማለፌን አማካሪዬ መጥተው የነገሩኝ እዚያው፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ነው።