የሽማግሌው ቀኝ ክንድ

የያዙኝ ጤና ጣቢያው ውስጥ መርፌ ስቀቅል ነው። በንጉሡ ዘመን ከጎጃም ወደ ሰቆጣ የተመደብኩ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ነበርኩ። ጥፋቴ አንድ ደብተር ነው። ቻይናዎች መርፌ ላይ ኤሌክትሪክ እያስነኩ ሕመም ያስታግሳሉ የሚል ጽሑፍ አግኝቼ፣ የሰው ገላ ስዬ፣ የመርፌውን ቦታ በነጥብና በቁጥር ሞልቼበታለሁ።

የያዘኝ ሻምበል ደብተሩን አገላበጠው። «ይሄ የየት ወረዳ ካርታ ነው?»

«የሰው ገላ ነው።»

«ቁጥሩስ?»

«መርፌ የሚወጋበት ነው። የቻይናዎች ሕክምና ነው።»

ቻይና ማለቴ በቃው፤ ኮሚኒስት ብሎ አሰረኝ።

የእስር ክፍሉ መስኮት የለውም፤ እርጥብ ድንጋይና አጎዛ ይሸታል። ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በገዢው ላይ አቤት ስላሉ ከአበርገሌ ድረስ የፊጥኝ ታስረው መጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ክንዳቸው አልነሣ ብሏል። ሲያማትቡ በግራቸው ደግፈው ነው ግንባራቸው የሚያደርሱት። ይህን ማየት ከራሴ እስር ይልቅ አንገበገበኝ።

በኮቴ ኮሌታ ውስጥ የሸሸግሁት ሁለት መርፌ ነበረኝ። ዘበኛውን አረቄ፣ ሽቦና የባትሪ ድንጋይ ለመንኩት።

«ድንጋዩን ብትጨርስብኝ ሌሊት ሮንድ በምን ብርሃን ልወጣ ነው?» አለ። ግን አመጣው።

ሽማግሌው መርፌውን አዩት። «ዋግምት መሆኑ ነው?»

«ደም አይወጣውም፣ አባ።»

«እንግዲያ ምኑን መድኃኒት ሆነው?»

መርፌዎቹን በአረቄ አጥቤ ትከሻቸው ላይ ተከልኩና ሽቦውን ከባትሪ ድንጋዩ ወደ መርፌዎቹ ነካ፣ ለቀቅ አደረግሁት። «ጉንዳን ሄደብኝ» አሉ። ከዚያ በፊት በሰው ላይ ሞክሬው አላውቅም። በየጠዋቱ ደጋገምነው። በአራተኛው ቀን ክንዳቸው ብቻውን ግንባራቸው ደረሰ። አማተቡ፤ እንደገና አማተቡ። አለቀስኩ፤ እሳቸው ግን ሳቁ።

በማግስቱ ሻምበሉ ወረቀት ሰጠኝ። «ደብተሩ የአመፅ ካርታ ነበር፣ ተጸጽቻለሁ ብለህ ጻፍ። ነገ ትወጣለህ።»

መውጣት እንዴት አምሮኝ ነበር! ብዕሩን አነሣሁ። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ቀኝ ክንድ። በመጀመሪያው ቀን እስከ ደረት። በአራተኛው ቀን እስከ ግንባር። ያሻለው ኤሌክትሪኩ ይሁን፣ መርፌው ወይስ ዕረፍቱ፣ ገና አላውቅም።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። «ስለ አመፁስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

አራት ወር ተጨመረልኝ። ወደ ክፍሉ ስመለስ ሽማግሌው አጎዛው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ።

«አልወጣህም?»

«አልወጣሁም፣ አባ።»

ልብሳቸውን ከግራ ትከሻቸው ገለጥ አድርገው፣ «በል እንግዲህ፣ ግራዬም ያመኛል» አሉ።

ዛሬ እኔም አርጅቻለሁ፤ ተራው የጉልበቴ ነው። አዲስ አበባ አንዲት ወጣት ሐኪም መርፌ ተክላ ከትንሽ ማሽን ጋር ታገናኝልኛለች። ያው ጉንዳን ይሄድብኛል። እንዴት እንደሚያስታግስ ጠየቅኋት።

«ሰውነት የራሱን ማስታገሻ እንዲለቅ ያደርጋል ይባላል፣ አባቴ። ሙሉ በሙሉ ግን ገና አናውቅም።»

ደስ አለኝ። እኔ ለዚች ቃል አራት ወር ታስሬባታለሁ፤ እሷ ግን ማንንም ሳትፈራ ተናገረቻት። የሌላውን እግሬን ሱሪ ሰበሰብኩ።

«በይ እንግዲህ፣ ግራዬም ያመኛል» አልኳት።