የማያርፈው ፔዳል

ዋሴ ላቀው በ1970 ዓ.ም. ከግንባር ሲመለስ ቀኝ እግሩ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ መግፋት ግን አይችልም። ፍንጣሪ የጭኑን ሥጋ ወስዶበታል። ደባርቅ ገብቶ ከሚስቱ ከፋንታዬ ጋር ጥቂት ከከረመ በኋላ በዳባት መንገድ ላይ ባለ የችግኝ ጣቢያ ዘበኛ ሆነ። ጤነኛ ሰው በአንድ ሰዓት የሚደርስበትን ቦታ እሱ በምርኩዝ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። ስለሚያረፍድም የጣቢያው ኃላፊ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀው።

ጎረቤቱ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል በበጎቻቸው በረት ውስጥ የሟች ወንድማቸው ብስክሌት ነበራቸው። ዋሴ ሄዶ ለመናቸው።

«የኔታ፣ ልጅ ሆኜ ጎንደር ነድቻለሁ። ቢፈቅዱልኝ ልሞክራት።»

«ውሰዳት ልጄ፤ በጎቹ ቀንዳቸውን ከሚያሹባት አንተ ብትሠራባት ይሻላል» አሉት።

ጎማ አስለወጠ፣ ዘይት አጠጣ፣ ቀኝ እግሩን በጠፍር ከፔዳሉ ጋር አስሮ ወጣ። ግራ እግሩ ፔዳሉን ታች አደረሰው፤ ቀኙ ግን ሊመልሰው አልቻለም። ብስክሌቷ ጥቂት ተንሸራትታ ቆመችና መንገዱ መሐል ጣለችው። ያየው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ዋሴን ከውድቀቱ ይልቅ ያ አሳመመው።

ከንፈሩን ያልመጠጠው በያጁ ያርጋል ብቻ ነው። በወጣትነቱ አስመራ ብስክሌት ቤት ሠርቷል።

«ጥፋቱ የእግርህ ብቻ አይደለም» አለው ጠፍሩን እየፈታለት። «ጎማው እየሮጠ ፔዳሉ ይቆማል። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የኋላውን ጥርስ ከጎማው ጋር ብበይደው ፔዳሉ ማረፍ አይችልም። ግራህ ይግፋ፣ የሮጠው ጎማ ደግሞ ፔዳሉን ወደ ላይ ይመልስልህ። አስመራ ተወዳዳሪዎች እንዲህ ያለ ይነዱ ነበር።»

«ቁልቁለት ላይስ፣ ጋሼ ያርጋል?»

«ያኔ ታለቅሳለህ» ብሎ ሳቀ። «የፊቱን ፍሬን አጠብቅልሃለሁ።»

ያርጋል ጥርሱን በየደ፤ ከኮርቻው ሥር የተሰነጠቀውንም ብረት ገጠመ። ዝገቱን ማስለቀቅ የዋሴ ሥራ ሆነ። የእረፍት ቀኖቹን ሁሉ ደጅ ተቀምጦ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ ከረመ። ብረቱ ነጭ ሲወጣለት የቀበሌው ጸሐፊ ክንዴ ከአብዮት በዓል የተረፈ ቀይ ቀለም በጣሳ ሰጠው። ዋሴም ደስ ብሎት ቀባ።

ፋንታዬ ከገበያ ስትመለስ ደጁ ላይ ቀጥ አለች።

«ይሄን ነገር ቤቴ አታስገባብኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ደርበውን የወሰዱት ሰሞን በየግድግዳው የተቀባው ይሄው ቀይ ነው።» ደርበው ታናሽ ወንድሟ ነበር፤ ሬሳውን እንኳ አላገኙትም። ዘንቢሏን ይዛ ገባች።

ዋሴ ሲቀባ ይህ ትዝ አለማለቱ አሳፈረው። ማለዳ ተነሥቶ ቀዩን ይፍቀው ጀመር። ትንሽ ቆይታ ፋንታዬ ወጣች፤ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለችና ከወረቀቱ ቀድዳ ወሰደች። ከእሱ ይልቅ እሷ በርትታ ፈገፈገች። እንባዋ ሲወርድ አይቶ መፋቁን ቀጠለ። ቀዩ ሁሉ ከለቀቀ በኋላ መስኮታቸውን ከቀቡበት የተረፈውን ሰማያዊ ቀለም ከአልጋ ሥር አወጣችለት።

ክንዴ በሳምንቱ መንገድ ላይ አስቆመው።

«ቀዩስ?»

«አልያዘልኝም» አለ ዋሴ፣ አንገቱ ላይ ላብ እየመጣበት። «ዝገቱ አላስይዝ አለ።»

ክንዴ ብስክሌቷን አየ፤ ከዚያ በጠፍር የታሰረውን እግር ረጅም ጊዜ አየ። የፋንታዬን ወንድም ያውቀው ነበር።

«ሰማያዊም አይከፋ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

መለማመዱ አስቸገረ። ሜዳው ላይ ያርጋል እንዳለው ሆነ፤ ግራ እግሩ ሲገፋ ጎማው ፔዳሉን መለሰለት። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ግን ፔዳሉ እግሮቹን ይዞ ከነፈ፤ ዋሴ ፍሬኑን ረስቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ያርጋል ወርዶ አነሣው።

«አትታገላት። በግራህ ቀስ እያልክ ተጫናት፣ ትሰማሃለች።»

በአሥረኛው ቀን ዋሴ ማለዳ ከቤቱ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ሆኖ ብስክሌቷ ላይ ወጣና ሳይወርድ ጣቢያው ደረሰ። ኃላፊው ሲመጣ ዋሴ ችግኞቹን ዞሮ አይቶ ጨርሷል።

«ማን አመጣህ?» አለው ሰውየው።

«ራሴ ነኝ፣ ጌታዬ።»

ምርኩዙን እስከ መጨረሻው አልጣለም፤ በእግር ሲሄድ ያነክሳል። በጣቢያው ግን ለዓመታት ሠራ። አንድ የጥምቀት ማግስት ፋንታዬ ዳባት ያለች እህቷን ልትጠይቅ ስትነሣ ከኋላ ልጫንሽ አላት። ሰው ምን ይለኛል ብላ እንቢ አለች። እሷ በእግሯ፣ እሱ በብስክሌቱ ሆነው ከከተማው ወጣ ሲሉ ግራ ቀኙን አየች፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠች፣ ወገቡን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቀስ በል» አለችው ገና ሳይነሣ።