ፀጉር አስተካካዩ ዶይልና አሮጌዋ ጀልባ

ዶይል ቲድሞር ሐይቅ ዳር ባለችው ጉንተርስቪል ከተማ ዕድሜውን ሙሉ ፀጉር ሲያስተካክል የኖረ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ስለ ባስ ዓሣ ያወራው ነበር፤ እሱም መቀሱን እያንቀጫቀጨ ለሁሉም ምክር ይለግስ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ግን ደነገጠ። ሐይቁ አፍንጫው ሥር እያለ፣ ስለ ማጥመድ የሚያውቀው ሁሉ የደንበኛ ወሬ ነበር።

እልህ ይዞት ከአንዲት መበለት ጓሮ የጥድ ቅጠል የወረሳትን አሮጌ የባስ ማጥመጃ ጀልባ ገዛ። ገና ሲወጣባት ወለሏ ከዳውና እግሩ እስከ ጉልበቱ ሰረገ።

«ይቺ ጀልባ ናት ወይስ የአበባ መደብ?» አለች ሚስቱ ዋይኔል።

«ቆይ፣ ታያለሽ!»

ብርዱን ጋራዥ ውስጥ ከረመ። የበሰበሰውን ጣውላ ነቅሎ በአዲስ ተካ። ምንጣፉን ገልብጦ ለጠፈና እንደገና ላጠው። ሽቦውን ሲዘረጋማ መብራት አበራሁ ሲል የውኃ መምጠጫው ፓምፕ ይነሳል፣ ፓምፑን ሲነካ ጥሩንባው ይጮሃል። እንደምንም ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ሞተሩም ግቢ ውስጥ አገሳ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ከዋይኔል ጋር ሐይቁ ላይ ሊወጡ በዋዜማው ግን «ለማንኛውም» ብሎ ደህናውን የነዳጅ ማስተላለፊያ ቱቦ አውልቆ አዲስ ገጠመ።

በማግስቱ ሁለቱ ጀልባዋን ይዘው ሲደርሱ ሐይቁ ዳር ማጥመጃ ትል የሚሸጠው ሎኒ አያቸው።

«ፀጉር አስተካካዩ! ዛሬ ደግሞ ዓሣ ልትላጭ ነው?»

«ድስትህን አጥበህ ጠብቀኝ፣ ወሬኛ!»

ማዶ ውኃው ውስጥ የበቀለው ሣር ጋ እንደደረሱ ሞተሩ አስነጠሰና ጸጥ አለ። ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አለች፤ ግን በእሷ እየተንፏቀቁ በሎኒ ፊት ማለፍ ለዶይል ሞት ነው። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ጭንቅላቱን ቀበረ። ዋይኔል የተቀቀለ ኦቾሎኒዋን ጨርሳ ሲሰለቻት የእሱን ማጥመጃ ዘንግ አንስታ መንጠቆውን ውኃ ውስጥ ወረወረች።

«ዶይል፣ የሆነ ነገር ያዘልኝ!»

«ሣር ነው፤ አትጎትቺው፣ ክሩን ይበጥሰዋል።»

«ሣር ይዘላል እንዴ?»

ቀና ሲል ክዳኑ ጭንቅላቱን ጓ አደረገው። እየተንገዳገደ መረቡን አቀረበላትና የክንዷን ያህል ባስ አወጡ። ከዚያ እሷ እጇን እየጠረገች ወደ ሞተሩ አጎነበሰች።

«እኔ የምለው፣ ቱቦው ላይ ያለችው ቀስት ነዳጁ የሚሄድበትን ናት የምታሳየው?»

«አዎ፣ ወደ ሞተሩ…» አለና ጎንበስ ብሎ አየ። ቀስቷ ወደ ነዳጁ ታንክ ነበር የምትጠቁመው። በገዛ እጁ ገልብጦ ገጥሞ የነዳጁን መንገድ ዘግቶታል፤ እስከዚያ የመጡትም ሞተሩ ውስጥ በቀረችው ነዳጅ ነበር።

በፒንሳ ፈትቶ አዞረው፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሳ።

«ማነው የያዘው?» አለ ሎኒ፣ ዳር ሲደርሱ ዓሣውን አይቶ።

ዶይል «እኛ» ሊል ዳድቶት ነበር።

«እሷ አጠመደች፣ እኔ ተጠመድኩ» አለ።

አሁን ዋይኔል ቅዳሜ ቅዳሜ ከእህቷ ጋር ትወጣለች። ጀልባዋ ያላት ወንበር ሁለት ብቻ ነው። ዶይል ዓርብ ባትሪውን ይሞላል፣ የጀልባዋን ተሳቢ የጎማ ኩሽኔታ ግሪስ ይቀባል፤ ጠዋት ገፍቶ ውኃ ላይ ያሳርፋቸዋል። ለጠየቀውም ሁሉ እንዲህ ይላል፦ «እጄ ወርቅ ነው፤ እኔ ካልተሳፈርኩባት አንድም ቀን መሐል ውኃ ላይ ቆማ አታውቅም።»