ደሞዙን ትቼ ቀለብ የተዋዋልኩ ዕለት

«ደሞዙስ ይኸው ነው፣ አልጨምርም። ሌላ የምትፈልገው ካለ ተናገር» አሉኝ ጋሽ መንግሥቴ... ወልድያ፣ ጋራዣቸው በር ላይ ቆመን።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ዝናቡ አገራችንን ሀብሩን ጥሎ የጠፋበት ዓመት። እኔ እዚያው ሀብሩ፣ መርሳ ከተማ ላይ የጭነት መኪና ስጠግን የኖርኩ መካኒክ ነኝ። ገበሬው ባዶውን ሲቀር የሚጫን ጠፋ፣ ለእኔም ሥራ ጠፋ። ሚስቴ ስንዱ ደግሞ አራስ ናት። ቤት ያለችው ጥራጥሬ ወር ብታደርስ ነው። ገበያ ብር ይዘህ ብትወጣም እህል የሚሸጥልህ የለም። ጋሽ መንግሥቴ ግን የእህል ነጋዴም ናቸው፤ መጋዘናቸው ሙሉ ነው።

እና እንደ ብልጥ አሰብኩ... አይ ብልጠት! «ጋሼ፣ በደሞዙ አልከራከርም። ቀለብ ያስቡልኝ» አልኩ።

«ለቀለብማ ምን ገዶኝ! ገብርኤልን፣ ከቤቴ አይጎድልብህም!» ብለው ማሉ። ጎረቤታቸውን አለቃ ደስታን ምስክር አድርገን ተጨባበጥን።

ቀለብ ሲባል እኔ የማውቀው የሚሰፈረውን ነው፤ ወር ሲሞላ በቁና ተሰፍሮ ቤት የሚገባውን። ለስንዱ ይዤላት እገባለሁ ብዬ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ሥራ ጀመርኩ። አዳሬም እዚያው ጋራዡ ውስጥ ሆነ። ምሳና እራት ሲደርስ ይጠሩኛል። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ መቼስ እጃቸው አይሰስት! «ብላ እንጂ፣ አፈር ስሆን!» ይሉና ያጎርሱኛል። ጠገብኩ ብል ማን ሰምቶኝ። «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» ይላሉ። ስንዱ ትዝ ብትለኝም በሰው ሞት እንዴት እምቢ ይባላል... እበላለሁ። ባዳ ነው ብለው ራሩልኝ እያልኩ ማዕዳቸውን ስመርቅ ከረምኩ።

ወሩ ሞላ። ስልቻዬን አራግፌ ጋሽ መንግሥቴ ፊት ቆምኩ።

«ምንድነው ስልቻው?»

«ቀለቤን ላሰፍር ነዋ፣ ጋሼ።»

መጀመሪያ ሳቁ። የምሬን መሆኑን ሲያዩ ግን ኮስተር አሉ። «የምን ቀለብ? ወር ሙሉ የበላኸውስ ምን ነበር?»

ክው አልኩ። ያ ሁሉ «በሞቴ» ለካ ክፍያዬ ኖሯል!

«በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ሚስቴ አራስ ናት! ከዛሬ ጀምሮ ማዕድዎ ላይ አልቀርብም፣ የኔን ድርሻ በጥሬው ይስፈሩልኝ» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«አንተ በላህ አልበላህ እንጀራው መጋገሩ አይቀር። ምኑ ይተርፈኛል?»

«እሺ፣ በደሞዜ ይሽጡልኝ?»

«እህሉ የደሴ ነጋዴ ቀብድ ያለበት ነው። ቃሌን ልብላ?»

አለቃ ደስታ ተጠሩ። ሽማግሌው «ልጄ፣ ቀለብ ነው ያልከው። ይሰፈርልኝ የሚል ቃል ካፍህ አልወጣም» አሉ። አልዋሹም። እሱ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ መርሳ ገባሁ። ስንዱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ጉንጯ ጎድጉዶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ልጃችን ጡቷን እየሳበ ያለቅሳል፣ ወተት የለም። ባዶውን ስልቻ አየችው። ከዚያ ተነስታ ፊቴን በመዳፏ ዳበሰችና ፈገግ አለች።

«ተመስገን! ወፍረህልኛል። ደግ ሰዎች ናቸው፣ አይደል?»

«ደግ ናቸው» አልኳት... ሌላ ምን ልበላት?