በሮም ደጅ የተሳልኩት ጥላ

ሰው ሁሉ የስደቱን ታሪክ ሲያወራ «በዚያች ሌሊት» ብሎ ይጀምራል። እኔ ግን ከአዲስ አበባ የወጣሁት ቅዳሜ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሀበሻ ቀሚስ ለብሼና ሹሩባ ተሠርቼ ነው። ሰርግ የምሄድ እንድመስል ነዋ! የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ካለፈ በኋላ ነው። በምርጫው ቀን ታዛቢ ነበርኩ። አብረውኝ ከታዘቡት ሁለቱ ከቤታቸው ተወስደው በዚያው ሲቀሩ ታላቅ እህቴ አልማዝ «ሦስተኛዋ አንቺ ሳትሆኚ ውጪ» አለችኝ። ልጄ ረድኤት አራት ዓመቷ ነበር፤ አባቷ ሳትወለድ ነው የሞተው። ለአልማዝ ትቻት ስወጣ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ብርቱካን ትልጣለች። «የሰርግ ኬክ አምጪልኝ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። እስከ ዛሬ ኬክ ባየሁ ቁጥር ያቺ «እሺ» ትመጣብኛለች።

የመተማን፣ የካርቱምን፣ የሰሃራንና የባሕሩን ነገር አልተርክላችሁም። ያለፈበት ያውቀዋል፤ ያላለፈበትም እንዳያውቀው እመኛለሁ። ልነግራችሁ የፈለግሁት ሮም ላይ ስለሠራሁት ስሕተት ነው።

ሮም የገባሁ ሰሞን የምተኛው ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ከሌሎች አበሾች ጋር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መነኮሳት ሾርባ የሚያድሉበት ቤት አለ ተብዬ ስሄድ መንገዱ ጠፋኝና አንድ ግዙፍ የድንጋይ በር ፊት ለፊት ወጣሁ። ሦስት መግቢያ አለው፤ መካከለኛው ከፍ ያለ፣ ግራና ቀኙ ዝቅ ያሉ፣ ሁሉም ከላይ በቅስት የተገጠሙ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሦስት በር እንዳለው ማለት ነው። ከላዩ ላይ ረጃጅም ልብስ የለበሱ የድንጋይ ሰዎች እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ቅዱሳን መሰሉኝ። ከበስተኋላው ደግሞ ያለው ፍርስራሽ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ፈርሶ ደጁ ብቻ የተረፈ መሰለኝ። ነጠላ ስላልነበረኝ ሻርፔን አጣፍቼ፣ ዙሪያውን የታጠረበትን ብረት ተሳለምኩ። «እመቤቴ ማርያም፣ ልጄን ካመጣሽልኝ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ይዤ እዚሁ ደጅሽ እመጣለሁ» ብዬ ተሳልኩ። አልቅሼ ስነሳ ሁለት ጎብኚዎች ፎቶ ሲያነሱኝ አየሁ። ምን ቸገረኝ፣ ሆዴ ቀሎታል።

ከዚያ በብዙ መከራ ለንደን ገባሁ። ወረቀቴን ካገኘሁ በኋላ ሼፈርድስ ቡሽ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራሁ፣ ልጄን ለማምጣት አፕላይ አደረግሁ።

«ልጅሽ ለመሆኗ ምን ማስረጃ አለሽ?» አለኝ የኢሚግሬሽን ቢሮው ሰውዬ።

«ፎቶዋ ይኸው። አፍንጫዋን ተመልከተው፣ ከዚያ የኔን ተመልከት።»

«አፍንጫ ማስረጃ አይሆንም።»

«እኛ አገር ይሆናል።»

በመጨረሻ በምራቅ ተመረመርንና ምራቃችን መሰከረልን። ረድኤት ኤርፖርት ስትደርስ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ሮጬ አቀፍኳት። እሷ ግን እንደ ሩቅ ዘመድ ጉንጬን ሳም ሳም አድርጋ «ደህና ነሽ ቲጂ?» አለችኝ። ቲጂ! ጓደኞቼ ትዕግሥት ማለቱ ሲረዝምባቸው እንደሚጠሩኝ! «እማ» የምትለው አልማዝን ነው። ምን ልበላት? ያሳደገቻት፣ ስትታመም ቁጭ ብላ ያደረች አልማዝ ናት። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ስላልሰቀለች ብቆጣት «ሰርግ ነው ብለሽ ሰባት ዓመት የቆየሽው አንቺ ነሽ» አለችኝና በሩን ዘጋችብኝ። የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ የዘጋችው የመታጠቢያ ቤቱን በር ነው። እኔም ከውጭ ቆሜ ፎጣ ይዤ ጠበቅኋት። ልጄ መጥታለች፤ ግን አልመጣችልኝም። ምክንያቱን አሰብኩ፣ አሰብኩና አገኘሁት። ስለቴን አላስገባሁማ!

በዓመቱ ትምህርት ቤት ስለ ሮማውያን ሲማሩ መጽሐፏ ውስጥ ያንን ደጅ አየሁት። «የተሳልኩበት ቤተ ክርስቲያን!» ብዬ ጮኽኩ። ጉዱን ሁሉ ስነግራት ረድኤት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ቲጂ፣ ይሄ ቸርች አይደለም! ንጉሡ ጦርነት ዊን ስላደረገ የተሠራለት ነው። እነዚህ ከላይ ያሉት ደግሞ ፕሪዝነርስ ናቸው።»

ምርኮኞች! ቅዱሳን ብዬ የተማጸንኳቸው እንደኔው አገራቸውን ያጡ ሰዎች ኖረዋል። እንቅልፍ አጣሁ። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ንስሐ አባቴ ዘንድ ቀረብኩ።

«አባቴ፣ ሳላውቅ በአረመኔ ደጅ ተስያለሁ። ይያዝብኝ ይሆን?»

«የማን ደጅ ነው?»

«ኮንስታንቲን የሚባል የሮም ንጉሥ።»

አባ ሳቃቸው መጣ። «ቆስጠንጢኖስ እኮ ነው፣ የንግሥት እሌኒ ልጅ! መስከረም በመጣ ቁጥር ደመራ የምትለኩሺው እናቱ መስቀሉን ስላገኘች አይደል?» ካሉ በኋላ ቆጣ አሉ። «ለመሆኑ የተሳልሽው ለማን ነው?»

«ለእመቤታችን።»

«እንግዲያው ድንጋዩ ጥላ አይዝም። ግን እዚያ አመጣለሁ ካልሽ ቃል ቃል ነው። ወስደሽ ዘርጊው፣ ከዚያ እዚህ ለማርያም አስገቢው።»

ጥላውን አልማዝ በሰው ላከችልኝ። ቀይ ከፋይ ነው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት። በፋሲካ እረፍት፣ ቪዛችንን አስመትተን፣ እኔና ረድኤት ርካሹን አውሮፕላን ያዝን። የፍተሻው ሰውዬ መጀመሪያ ሰማያዊዋን የስደተኛ ፓስፖርቴን ገለጠ፤ «ከኢትዮጵያ በስተቀር ለሁሉም አገር» የሚል ተጽፎባታል። ቀጥሎ ጥላውን አነሳ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዣንጥላ።»

«ሮም ዛሬ ዝናብ የለም።»

«ለዝናብ አይደለም፣ ለማርያም ነው።»

ወረቀቱን አገላበጠ። «አብራችሁ የምትሄድ ናት?»

«ሁልጊዜ» አልኩት። ረድኤት በኀፍረት ኮፍያዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። «ኢትስ ሶ ኤምባረሲንግ፣ ቲጂ!» እያለች ነው አውሮፕላኑ ውስጥ የገባችው።

ሮም ፀሐይዋ የኛን አገር ፀሐይ ትመስላለች፤ ከለንደን ለመጣ ሰው ድንጋጤ ነው። ቲኬት ቆርጠን መጀመሪያ ፍርስራሹን ጎበኘን። ጣሪያ የሌላቸው ዓምዶች፣ ወዲያና ወዲህ የተጋደሙ ጥርብ ድንጋዮች፣ በየመሐላቸው የበቀለ ቀይ አበባ፣ ድንጋይ ላይ የተኛች ድመት። ሮማውያን ፍርስራሻቸውን አጥረው በቲኬት ያስጎበኛሉ። እኔ የተወለድኩበት ሰፈር ደግሞ ከወጣሁ በኋላ ፈርሶ ፎቅ ተተክሎበታል፤ አልማዝም ኮንዶሚኒየም ገብታለች። አንዲት የግድግዳችን ድንጋይ እንኳ ብትቀር ኖሮ ለልጄ «እዚህ ጋ ብርቱካን ትልጪ ነበር» እላት ነበር ብዬ ተከዝኩ።

ከዚያ ወደ ደጁ ወጣን። ስምንት ዓመት ሙሉ በሐሳቤ ትልቅ ነበር፤ በዓይኔ ሳየው ደግሞ ከሐሳቤም ይበልጣል። ምርኮኞቹ አሁንም አንገታቸውን ደፍተው እዚያው አሉ። ረድኤት ቀና ብላ ብዙ ጊዜ አየቻቸው።

«ያኔ ብቻሽን ነበርሽ?»

«ብቻዬን።»

«የት ጋ ነው ያለቀስሽው?»

የብረት አጥሩን አሳየኋት። ነካ አደረገችው። «እና ሰርጉ እዚህ ነበር በይኛ» አለችኝ። እንባዬ መጣ። ቀና ስል ፈገግ ብላለች፤ በነገር ልትወጋኝ አልነበረም።

ነጠላዬን አጣፋሁና ጥላውን ዘረጋሁት። ዘርፉ በፀሐይ ብልጭ ሲል እመቤቴን ማመስገን ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ ኮሽታ ሰማሁ። ዞር ስል ወደ ሃያ የሚሆኑ ሽማግሌ ጎብኚዎች ተሰልፈው ይጠብቁኛል! ለካስ እዚያ አገር አስጎብኚ የሚታወቀው ዣንጥላ ወደ ላይ በማንሳቱ ነው። ከወገናቸው የጠፉት ሁሉ ያማረ ጥላ ሲያዩ እኔ ዘንድ ተሰብስበዋል። አንዷ እንዲያውም «መጸዳጃው የት ነው?» አለችኝ። ይህን ያየ ዘበኛ ፊሽካውን እየነፋ መጣ።

«ሲኞራ! ያለ ፈቃድ ማስጎብኘት ክልክል ነው። ላይሰንስሽ የታለ?»

እንግሊዝኛዬ ሁሉ ጠፋ። ሰው ጥያቄ ሲጠይቀኝና ወረቀት አሳዪ ሲለኝ አሁንም ያው መተማ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ረድኤት በመሐላችን ገባች። ኮፍያዋን አውልቃ፣ በዚያች እኔን በመሰለችባት አፍንጫዋ ዘበኛውን ቁልቁል ልታየው እየተንጠራራች ነው።

«ሺ ኢዝ ኖት ኤ ጋይድ» አለችው ጮክ ብላ። «ሺ ኢዝ ማይ መም!»

እናቴ ናት አለችው! ዘበኛው ምን እንዳለ አልሰማሁም። ረድኤት ግን ስለ ስለቱ፣ ስለ እሌኒ፣ ስለ ደመራው ሁሉ አስረዳችው፤ በየመሐሉ «ማይ መም»፣ «ማይ መም» ትላለች። በመጨረሻ ሰውዬው «ማዶና?» ብሎ ወደ ጥላው ጠቆመ፤ እመቤታችንን እንዲያ ነው የሚጠሯት። «አዎ፣ ማዶና» አልኩት። ቆቡን አወለቀና «አምስት ደቂቃ» አለ። ሽማግሌዎቹም አብረውን ቆዩ።

ሆቴል እንደገባን ረድኤት አልማዝ ጋ ደወለች። ሁሉንም ነገረቻት፣ ሳቁ። በኋላ ስልኩን ወደኔ እየዘረጋች «እማ፣ እናቴ ታናግርሽ» አለቻት።

ከወዲያ በኩል ዝም አለ። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ፤ ኤርፖርት «ቲጂ» የተባልኩ ቀን እኔም ያንኑ ነበር ዝም ያልኩት።

«አልማዝዬ?»

«አለሁ» አለች ድምጿን አጥርታ። «ስለትሽ ሰመረ፣ እሰይ። እንግዲህ ተራው የኔ ነው።»

«የምኑ ተራ?»

«የመሳል ነዋ። ሁለታችሁንም በዓይኔ እንዳያችሁ ልሳል።» ትንሽ አሰበች። «ጥላ ይሻላል ወይስ ምንጣፍ?»

ፓስፖርቴ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፤ ምን እንደተጻፈባት አውቃለሁ።

«ጥላ» አልኳት። «ጥላ ይሻላል። እኔ አይቼዋለሁ።»