ባዶ ወንበሮቹ የማን ናቸው?

እኔ ሃይታንግ የምትመራው የቲያትር ቡድን ከበሮ መቺ ነኝ፤ ልጇን ፔይጀንን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። በታይዋኗ የታይናን ከተማ የአማልክት ልደት ሲከበር በየቤተ መቅደሱ ደጃፍ መድረክ ዘርግተን በዜማ የሚተወን ተውኔት እንጫወታለን። ድሮ መቆሚያ ይጠፋ ነበር። ዛሬ ሰዉ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጧል፤ እኛ ፊት ያሉት ቀይ የፕላስቲክ ወንበሮች ብቻ ናቸው።

ፔይጀን በልጅነቷ አንዴ መድረክ ብናወጣት እያለቀሰች ሮጣ ጭነት መኪናችን ሥር ተደበቀች። በዚያው ተመልካች ሆና ቀረች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የክዋኔ ጥበብ አጠናች፤ የማስተርስ ጽሑፏንም የሠራችው በነዚያ ባዶ ወንበሮች ላይ ነው። «ተዋንያኑ የሚጫወቱት ለአማልክቱ ነው» ብላ ደመደመች። ሃይታንግ ደስታዋን አልቻለችውም። የቤተ መቅደስ ሽማግሌ ባየች ቁጥር «አማልክቱ እኛን እንደሚያዩ ዩኒቨርሲቲው ሳይቀር አረጋግጧል!» እያለች ሥራ ታመጣልን ጀመር።

ፔይጀን ዶክትሬቱን ልትቀጥል ስትል አማካሪዋ ፕሮፌሰር ዦንግ ጽሑፏን አገላብጠው፣ «ጥሩ ነው። ግን ሁሉንም ያየሽው ከወንበሩ በኩል ነው። ለመግቢያው ቃለ መጠይቅ ከመቅረብሽ በፊት እስቲ መድረኩ ላይ ውጪ» አሏት።

ፊቷ አመድ መስሎ መጣች።

«እማዬ፣ አንድ ሚና ስጪኝ።»

ሃይታንግ ግማሽ ፊቷን እንደተቀባች ሳቋን ለቀቀችው። «መኪናው ሥር ቦታ ይያዝልሽ?»

«እማዬ!»

«እሺ፣ እሺ! ወታደር ሁኚ። ‹ጠላት መጣ!› ብለሽ ትወጫለሽ። በቃ።»

በበዓሉ ቀን ካፊያ ነበር። ከፊታችን ያሉት አንድ ውሻና ዓሣ ጠባሹ ሰውዬ ብቻ ነበሩ። ፔይጀን ጦሯን ይዛ ወጣችና «ጠላት...» ብላ ደርቃ ቀረች። ጄኔራሉን የምትጫወተው እናቷ ጀርባዋን ለወንበሮቹ ሰጥታ፣ በዜማ፣ «ጠላት ምሳ ላይ ነው እንዴ?» አለቻት። ንጉሡን የሚጫወተው ባልደረባችን በሰው ሠራሽ ጢሙ ሥር በሳቅ ፈነዳ። እኔም ምቱ ጠፋብኝ። ፔይጀን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና «በልቶ መጣ!» ብላ ጮኸች።

ስንጨርስ የልብስ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ፣ «አጎቴ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለችኝ።

«ታዲያስ! ይሄ ባይኖር በባዶ ሜዳ ከበሮ እየመታሁ አላብድም ነበር?»

«አንዳችሁም ወደ አማልክቱ አላያችሁም እኮ።»

«መጀመሪያ ሰግደንላቸዋል፤ ሌላ ምን ቀረባቸው?»

ቃለ መጠይቁ ላይ ለመምህራኑ እንዲህ አለቻቸው፦ «የማስተርስ ድምዳሜዬ ተሳስቷል። የሚጫወቱት አንዱ ለሌላው ነው። ዶክትሬቴን ከዚህ ስህተት ልጀምር።» ፕሮፌሰር ዦንግ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው ሳቁ። ተቀበሏት።

ሃይታንግ ስትሰማ ጮኸች። «አብደሻል? አሁን ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው?»

«ገና እየተጠና ነው በያቸው።»

«ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«አምስት፣ ስድስት።»

እናት አሰብ አደረገች። «እንግዲያው እስከዚያ አማልክቱ ያዩናል።»

ዘንድሮ የዶክትሬቷ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ በየበዓሉ አብራን ትወጣለች። ሃይታንግ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምራላታለች። ሦስተኛውን ራሷ ፈጠረችው፤ ንጉሡ መድረክ ላይ ስላሳቀችው እስካሁን አኩርፏታል።